መጀመሪያ ቁጠር፦ የአፕዴት ታሪክ በባሌ ደጋ

ሰሞኑን ከጎባ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ ነው። ሰላምታውን እንደጨረሰ «መምህር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ፈልጌ ነው» አለኝ። «ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ከአንድ ቦታ የምናስተዳድርበት ሲስተም አዲስ ስሪት ወጥቷል እያለ ወር ሙሉ ይጨቀጭቀኛል። አለቃዬ "ጫነዋ፣ ምን ትጠብቃለህ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ እፈራለሁ። ልጫነው ወይስ ይቅርብኝ?»

«ስንት ኮምፒውተር አለህ?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ሁለት መቶ ገደማ» አለ።

«በል እንግዲህ፣ ችግርህ "ገደማ" የምትለዋ ቃል ውስጥ ናት» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ወዲያው ኔትወርኩ ተቆራረጠና ስልኩ ተዘጋ። መልሴ ግን አላለቀም ነበር። ለሱ ብቻ ከምነግረው ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው። ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ ዓመቱ የኛ ነው።)

* * *

ሮቤን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ፣ በዲንሾ አድርጎ ነው የሚገባው። ከሷ 14 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ ጎባ ይደርሳሉ። ጎባ የድሮው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ፣ ሮቤ የዛሬው የባሌ ዞን መቀመጫ ናት። እኔ ለማስተማር የመጣሁት 1990ዎቹ ሲገባደዱ ነው። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ሥራ የጀመረበት ጊዜ ነበር። እኔ ግን በሌላ፣ በአነስተኛ ተቋም ነበርኩ።

ያን ጊዜ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ፕላዝማ» ነበር። ዕድሜያችሁ የደረሰ ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይለቀቃል፣ ግድግዳ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ይቀበላል። አንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው በሺህ የሚቆጠሩ ዕቃዎችን በአንድ ጊዜ ሲያዝ ያየሁት ያኔ ነው። ነገር ግን መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። ከማዕከል ወደ ዳር ይሄዳል፣ ከዳር ወደ ማዕከል የሚመለስ የለም። ሮቤ ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ቴሌቪዥኑ ቢበላሽ፣ አዲስ አበባ ያለው ላኪ አያውቅም። ትምህርቱ ይቀጥላል፤ ልጆቹ ጥቁር መስታወት ላይ አፍጥጠው ይቀመጣሉ። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

የኮምፒውተሩ ደግሞ ሌላ ነበር። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ስለሆነ አፕዴት የሚመጣው በአውቶቡስ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ለስብሰባ አዲስ አበባ የወረደ ባልደረባ የአንቲቫይረሱን አዲስ ፋይል በፍላሽ ጭኖ ይመጣል። እኔም ፍላሿን ይዤ ከቢሮ ቢሮ እዞራለሁ። ብዙ ጊዜ ፍላሿ መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን በሽታውንም አብራ ታመጣ ነበር። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ የሚያስታውስ አለ? ሁሉም ነገር እምቢ ሲል ደግሞ የመጨረሻ መድኃኒታችን አንድ ነበር፦ ፎርማት!

በዚያች በፎርማት ነው የተሳሳትኩት።

* * *

ሐምሌ 2003 ነው። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ ኤክስፒ ወደ ዊንዶውስ 7 ላሻግር ተነሣሁ። ወጣት ነበርኩ፣ እጄ ፈጣን ነበር። በሁለት ቀን ሃያ የሚሆኑትን ጨረስኩ። ፋይሎቹንም ሳልገለብጥ አልቀረሁም፤ በዚህስ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መዝገብ ቤት ጩኸት ተነሣ። ከዞን ጋር የምንጻጻፈው በኦሮምኛ፣ ከአዲስ አበባ ጋር ደግሞ በአማርኛ ነው። የኦሮምኛው ፋይል ደህና ነው። የአማርኛው ሁሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኗል። አንድ ባልደረባዬ ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ እኮ ኦሮምኛም አይደለም» ብሎ ቢሮውን በሳቅ ሞላው። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በስሪት 3.0 ነው። ዊንዶውስ ደግሞ የራሱን የግዕዝ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው በቪስታ በ2007 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ በፊት ከነበሩት የግዕዝ መጻፊያዎች ብዙዎቹ የላቲኑን ፊደል ቦታ ተውሰው የኛን ቅርጽ ይሥሉበት ነበር። ፎንቱ ከጠፋ ቅርጹም ይጠፋል፤ የሚቀረው የተውሶው ላቲን ብቻ ነው። እኔ ፋይሉን ገልብጫለሁ፣ ፎንቱን ግን አጥፍቻለሁ።

በዚያ ሳምንት አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጡረታ ይወጡ ነበር። የአገልግሎት ማስረጃቸው ተጽፎ ለጡረታ መሄድ አለበት። ሦስት ጠዋት ተመላለሱ። ሦስቱንም ቀን ደጃፌ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ዛሬስ ፊደሉ ተመለሰ?» አሉኝ። ከዚያ የበለጠ ያሳፈረኝ ነገር በሥራ ዘመኔ የለም።

ያዳኑን የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ነበሩ። እትዬ እንላቸው ነበር። መሳቢያቸውን ከፈቱና አንድ ደብተር አወጡ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር መቼ እንደገባ፣ በሞዴል 19 ስንት ቁጥር ገቢ እንደሆነ፣ በሞዴል 22 ለማን ወጪ እንደሆነ፣ ከጎኑ ደግሞ በእጃቸው ጽሕፈት «የአማርኛ ሲዲ የተጫነበት» እያሉ ምልክት አድርገዋል። ሲዲውም በፖስታ ተጠቅልሎ እዚያው ደብተር ውስጥ ተቀምጧል! ማንም አላዘዛቸውም። በየዓመቱ ሰኔ 30 የንብረት ቆጠራ ሲመጣ እንዳይቸገሩ ብለው ነው።

ሲዲውን እየሰጡኝ «ልጄ፣ ዕቃ ሳታወጣ ቤት ታፈርሳለህ እንዴ?» አሉኝ።

እኔ እስከ ዛሬ ስለ አፕዴት የማውቀው ቁም ነገር ከዚያች ዓረፍተ ነገር ብዙም አይዘልም።

* * *

አሁን ተማሪዬ ወደሚጠይቀኝ ሶፍትዌር ልምጣ። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮችን ከአንድ ቦታ የማስተዳደር ሐሳብ አዲስ አይደለም። ማይክሮሶፍት «ሲስተምስ ማኔጅመንት ሰርቨር» የሚለውን ፕሮግራም ያወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ስሙ ወደ «ኮንፊገሬሽን ማናጀር» ተለወጠ። ዛሬ በኢንተርኔት በኩል የሚሠራ ኢንቲዩን የሚባል ታናሽ ወንድም አለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ አንድ ትንሽ ወኪል ይጫናል። ወኪሉ በየተወሰነ ሰዓት ወደ ማዕከሉ ሰርቨር ይደውላል፦ አለሁ፣ ዲስኬ ይህን ያህል ቀርቶታል፣ ይህ ሶፍትዌር ተጭኖብኛል፣ የታዘዝኩትን ጨርሻለሁ ወይም አልቻልኩም ይላል። ማዕከሉ ደግሞ ትእዛዝ ይሰጣል፦ ይህን ጫን፣ ይህን አንሣ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ሪስታርት እንዳታደርግ። ከፕላዝማው የሚለየው በዚህ ነው፤ ከዳር ወደ ማዕከልም ድምፅ ይመለሳል። በኔ ቋንቋ ይህ ሶፍትዌር ማለት አፍ ያወጣ ሞዴል 22 ነው።

ነገር ግን የሚያየው ወኪል የተጫነበትን ብቻ ነው። ያልተቆጠረ ኮምፒውተር ለሱ የለም። ቆጠራ ደግሞ አንዴ ታቅዶ የሚተው ነገር አይደለም። አገራችን ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 180,000 ያህል ታብሌት ገዝታ ነበር፤ ከ1976፣ ከ1987 እና ከ1999 ቀጥሎ ወረቀትን በታብሌት የሚተካ ቆጠራ እንዲሆን። ከዚያ በ2011 ተራዘመ፣ እንደገናም ተራዘመ። ሰው ይጠብቃል፣ ዕቃ ግን አይጠብቅም። ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ታብሌት ባትሪው ይደክማል፣ ሶፍትዌሩም ባለበት ያረጃል።

* * *

«ታዲያ ባልነካውስ?» ትሉ ይሆናል። የሚሠራን ነገር አትንካ የሚለውን ምክር አውቀዋለሁ፣ ስንት ዘመን ኖሬበታለሁ። ታሪኩ ግን ሁለት ዓይነት ጥፋት ያሳየናል።

አንደኛው የዘገየ ሰው ጥፋት ነው። ማይክሮሶፍት አንድ ትልቅ የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት መጋቢት 5 ቀን 2009 አወጣ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ በዚያችው ቀዳዳ ገባ። በመካከሉ ሁለት ወር ሙሉ ነበር። በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮች ተቆለፉ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የሕሙማን ቀጠሮ ሰረዙ። መድኃኒቱ ነበር፣ ያልዋጠው ብዙ ነው።

ሁለተኛው የተቻኮለ ሰው ጥፋት ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ አንዲት የተሳሳተች ፋይል ለደንበኞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቀ። ማይክሮሶፍት እንዳለው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቆሙ። አውሮፕላኖች መሬት ቀሩ። የሚያሳዝነው፣ ብዙዎቹን ለመጠገን ሰው በእግሩ ሄዶ አንድ በአንድ መንካት ነበረበት፤ ልክ እንደኔ የፍላሽ ዘመን።

የቤታችንንም አንርሳ። መጋቢት 2016 ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ሰው ከሌለው ገንዘብ በላይ እንዲያወጣ ፈቀደ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ መሆኑን ገለጸ፤ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሌሊት ሰርቨር ላይ የተሠራ ሥራ ጠዋት ዶርም ድረስ ሲደርስ አየን።

የባሌ ሰው ግን ይህን ከኮምፒውተር በፊት በስንዴ ተምሮታል። ኩብሳ የሚባለው የስንዴ ዝርያ ደጋውን ሁሉ ሸፍኖ ነበር። በ2002/2003 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ሲመጣ፣ ሁሉም ማሳ አንድ ዓይነት ስለነበር አብሮ ወደቀ። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲጋሉ ዞረ። በ2006 ደግሞ ዲጋሉን የሚያጠቃ የግንድ ዋግ ባሌንና አርሲን መታ። ይኸውላችሁ፦ አሮጌውን ይዞ መቀመጥም ያስቀጣል፣ አዲሱን በአንድ ጊዜ ሁሉም ቦታ መዝራትም ያስቀጣል። እንደ ሲናና ያለ የግብርና ምርምር ማዕከል አዲስ ዝርያን በትንሽ መደብ ዘርቶ፣ አይቶ፣ ከዚያ ነው ለገበሬ የሚለቀው። አፕዴትም እንዲሁ ነው።

* * *

አሁን የምሠራበት ቦታ ያለፈውን ጳጉሜን እንዴት እንዳሳለፍን ልንገራችሁ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እንደሚያቆም ስለምናውቅ፣ የትኛው ኮምፒውተር ወደ 11 መሻገር እንደሚችል መለየት ነበረብን። ለዚያ መጀመሪያ ማስተዳደሪያው ሲስተም ራሱ መታደስ አለበት። ስሪቱ 2503 ይባላል፤ 25 ዓመቱ፣ 03 ወሩ ነው፣ የፈረንጅ መጋቢት 2025 ማለት ነው። አንድ ባልደረባዬ «ዓመተ ምሕረት ከሆነ ገና አምስት መቶ ዓመት አለን» ብሎ አሳቀን።

ጳጉሜን የመረጥነው ተማሪ ስለሌለ ነው። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። ላብ ውስጥ በፈተና ሰዓት አንድ ኮምፒውተር «አፕዴት እየጫንኩ ነው» ብሎ ሪስታርት ቢያደርግ ከፊቱ ያለው ልጅ ምን እንደሚሆን አስቡት። የአራት ዓመት ልፋት ነው።

ዝግጅቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ መጫኑ ግማሽ ቀን። ዋናው ነገር ይህ ነው።

ቆጠርን። ሞዴል 22 ላይ 214 ኮምፒውተር አለ፤ ሲስተሙ የሚያየው 171 ነው። ልዩነቱን ፍለጋ በየቢሮው ዞርን። የተወሰኑት ተበላሽተው መጋዘን ገብተዋል። የተወሰኑት ደግሞ ከሳነቴ ማዶ ናቸው ተባለና መኪና ለምነን ወጣን። የጎባን ቁልቁለትና ዳገት ጨርሰን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በጅብራው መካከል፣ ቱሉ ዲምቱን በጎን እያየን አልፈን፣ የሐረናን ደን ወርደን ደሎ መና ገባን። እዚያ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አገኘን፤ ኔትወርክ ላይ ወጥታ አታውቅም፣ ባክአፕ የላትም። የሰባት ዓመት ሪፖርት እሷው ላይ ብቻ ነው። የምትሠራበት ልጅ «እሷን አትንኩብኝ፣ ሌላ ቅጂ የለም» አለችን። እኔ የፊደሉ ነገር ትዝ አለኝ። ሁሉንም ነገር ሁለት ቦታ ገልብጠን ነው የተመለስነው።

ባክአፕ ወሰድን፣ ከዚያም ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰን ከፈትነው። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ባዶ ካዝና እንደመቆለፍ ነው።

ሲስተሙ ከመጫኑ በፊት የሚያደርገውን ቅድመ ምርመራ ቀድመን አስኬድነው። ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር አርጅቷል፣ ሪስታርት የሚጠብቅ ሥራ አለ አለን። ሁለቱንም አስተካከልን። ይህ ምርመራ ምንም አይጭንም፣ ምንም አያፈርስም፤ ለምን ሰው እንደሚዘለው አይገባኝም።

ናፍጣ ገዛን። ይህ በማንኛውም መመሪያ ላይ አይጻፍም፤ እኛ አገር ግን ዳታቤዝ እየታደሰ መብራት ቢሄድ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የዩፒኤሱን ባትሪ ፈተሽን፣ ጄኔሬተሩን አስነሥተን አየን፣ ለጥበቃው አባት ነገርናቸው።

ቅዳሜ ጳጉሜን 1 ጠዋት ጀመርን። አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከዝናቡ ጋር፣ መብራት ሄደ! የዩፒኤሱ ጩኸት፣ ከዚያ የጄኔሬተሩ ድምፅ። ሰርቨሩ ምንም አልተሰማውም። ከሰዓት በኋላ ሰርቨሩ ታድሶ አለቀ።

ከዚያ ግን ወደ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ አልለቀቅነውም። አዲሱን ወኪል ለአሥር ኮምፒውተሮች ብቻ፣ መጀመሪያም ለራሳችን ክፍል ሰጠን። ሰኞ ጳጉሜን 3፣ ልጆች ግቢ ውስጥ በሩፋኤል ዝናብ ሲታጠቡ፣ እኛ ውጤቱን አየን። ስምንቱ ደህና ናቸው። አንዱ ዲስኩ ሞልቷል። አሥረኛው ግን ማዕከሉን አላምንም ይላል። ብንፈትሽ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል። ስለዚህ የሰርቨሩ ሰርቲፊኬት ለሱ ገና ያልተወለደ ነው። በአንዲት የሳንቲም መጠን ባላት ባትሪ ምክንያት! ከዚያ ሌሎቹን ብናይ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ብዙ ሆነው ተገኙ። ለሁሉም ለቀነው ቢሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲጮህብን፣ እኛም አዲሱን ስሪት ስንረግም እንውል ነበር። ጥፋቱ የስሪቱ አልነበረም።

ባትሪዎቹን ቀየርን፣ መስከረም ላይ በሃያ በሃያ እያደረግን ለሁሉም ለቀቅን። ማንም ሰው አላወቀውም። የዚህ ሥራ ምስጋናው ይህ ነው፤ ማንም ሰው ምንም ነገር እንደሆነ አለማወቁ።

* * *

እትዬ ዛሬ ጡረታ ወጥተው ጎባ ናቸው። ለአዲስ ዓመት ልጠይቃቸው ሄጄ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ቡናውን እየቀዱ «ታዲያ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚቆጥር ከሆነ እናንተ ምን ትሠራላችሁ?» አሉኝ። «ያልተቆጠረውን እንፈልጋለን» አልኳቸው። «እሱን እኔም እሠራው ነበር» አሉ።

እናም ለተማሪዬ መልሴ፦ ጫነው። አለመጫኑ አያዋጣህም። ግን መጀመሪያ ቁጠር፤ ባክአፑን ከፍተህ እይ፤ ናፍጣ ግዛ፤ ለአሥር ሰጥተህ ሁለት ቀን ጠብቅ። አለቃህ ሲቸኩሉብህ ደግሞ ስለ ኩብሳ ንገራቸው፣ የባሌ ሰው ከሆኑ ወዲያው ይገባቸዋል።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል አጭር መልእክት ገባልኝ። ከሱ ነው፣ አንዲት ቁጥር ብቻ፦ «187»።

ገደማ አላለም።